ጠበል የሚነካው መስቀል

ያ የጥምቀት ትዕዛዝ ከትርፌ ላይ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር በልቶብኛል፤ ዘጠኝ ካናቴራና አንድ ጆንያ ከሰል። የሚስቴ «አላልኩህም?» በዚህ ውስጥ አልገባም፤ እሱን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

ሀና ማርያም የካናቴራ ማተሚያ ሱቄን የከፈትኩ ሰሞን ነው። ታቦት የሚያጅቡ የሰፈሩ ወጣቶች ጀርባው ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ካናቴራ ሰማንያ ፍሬ አዘዙኝ። ገንዘብ ያዣቸው ብሩን ከየቤቱ ለቅማ ያመጣች ቆፍጣና ልጅ ናት።

«በምን ብናሳትመው ይሻላል ጋሼ?» አለችኝ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ፊልም ነው፤ ሥዕሉ ስስ ላስቲክ ላይ ታትሞ በጋለ ማሽን ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ጄኔሬተር ያላቸው የመርካቶ ሰዎች ይሠሩታል፣ ግን በየፍሬው ያስከፍላሉ። ሌላው ስክሪን ነው። ወንፊቱ አንዴ ከተዘጋጀ ቀለሙን በእጅ እየጎተቱ ማተም ነው፤ በበዛ ቁጥር ይረክሳል። ብቻ መጨረሻ ላይ ቀለሙ እንዲይዝ በማሽን መተኮስ አለበት።

«ፊልም ፀሐይ ላይ ጀርባ ያፍናል፤ ስክሪን ነው የሚያዋጣችሁ» አልኳት። ለእሷ ስለ ላብ ነገርኳት፣ ለራሴ ስለ ትርፍ።

ሚስቴ ሰምታ «ለመርካቶዎቹ ስጥና ተገላገል፤ የሰፈራችንን መብራት አታውቀውም?» አለች።

«ለበዓል አይጠፋም» አልኩ።

አትሜ ሰቀልኩ፤ እስኪደርቅ ጠብቄ የከተራ ዕለት ጠዋት ልተኩስ ብዬ። የከተራ ዕለት ጠዋት ማሽኑን ስሰካ መብራት የለም። ልጅቷ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፤ አንዱን ዳሰሰችው።

«ደርቋል እኮ! ስጠንና እንሂድ።»

መስጠት እችል ነበር። ዛሬ ሰልፍ ብቻ ነው፤ ውሃው ነገ ነው። ነገ ግን ጠበሉ ሲረጭ ሰማንያ መስቀል በሕዝብ ፊት ቢታጠብ፣ እኔ ሀና ማርያም ላይ ክር እንኳ አልሸጥም። ከባልዲው በጣሳ ቀድቼ አንዱ ላይ አፈሰስኩበት። ቀዩ ቀለም እስከ ዘርፉ ወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መስቀል ነው» አለች ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታቦቱ ስንት ሰዓት ይወጣል?»

«ስምንት።»

ሚስቴ ከበሩ «የከሰል ካውያ ከአገር ጠፋ እንዴ?» አለች።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ወጣቶቹ ከጎፋ ልብስ ሰፊዎች፣ ከየእናታቸው አልጋ ሥር፣ አንዱማ ከመካኒሳ አቦ ድረስ ካውያ ይዘው መጡ። ደጃፌ ላይ ጠረጴዛ ደረደርን፤ በመስቀሉ ላይ ወረቀት እያነጠፉ መተኮስ ጀመሩ።

«ቀስ! አመዱ ይረግፋል!» አልኩ።

«አይዞህ ጋሼ፣ የእናቴ ካውያ ከማሽንህ ይሻላል። የመብራት ካርድ አያስሞላም» አለኝ አንዱ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ከሰል አለቀ፤ ሮጬ ገዛሁ። አመድና ፍም ስምንት ካናቴራ በላ፤ በውሃው ካጠብኩት ጋር ዘጠኝ። ለዘጠኙ ልጆች ብራቸውን መለስኩ፤ በነጠላ ሄዱ። የመጨረሻው ካናቴራ የተተኮሰው የከበሮው ድምፅ እየተሰማ ነው።

በማግስቱ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። ለመጸለይ ነው ብል ማንም አያምነኝም። ውሃው በጎማ ሲለቀቅ ልጅቷ ፊት ነበረች፤ ጀርባዋ ወደ እኔ። ካናቴራዋ በሰበሰ፣ ገላዋ ላይ ተለጠፈ። ዓይኔን ከመስቀሉ አልነቀልኩም። አንድ ጠብታ ቀይ ብትወርድ አያታለሁ። አልወረደችም።

ዞር ስትል አየችኝ፤ ፊቷ በውሃ ርሷል።

«ጋሼ፣ ጠበል ልትጠመቅ ነው ዕቃ ልትቆጣጠር የመጣኸው?»

«ሁለቱንም» አልኳት።

«እንግዲያው ና ቅረብ» ብላ በመዳፏ ሙሉ ውሃ ረጨችብኝ።

ሁሉም ተቀናንሶ የተረፈኝ ዘጠኝ መቶ ብር ነው።