አራተኛዋ የሩዝ ድቡልቡል

ጋሼ ፉ ዶሮውን አንገቱን ይዘው የሚፋጅ ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አጠለቁት። ባወጡት ቁጥር በሆዱ የገባው ውሃ ተንዶቅዱቆ ይወርዳል። ይህን ያላደረገ ሰው ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ዶሮ ይበላል። በአራተኛው ለቀቁት፤ ውሃው እንደገና መንተክተክ ሲጀምር ጋዙን አጥፍተው ከደኑ።

«አርባ ደቂቃ» አሉ። «ቀድሞ የከፈተ ጣቱን ነው የምቆርጠው።»

ጠዋት የመጣሁት ማቀዝቀዣቸውን ልነቅል ነበር። ሙያዬ ይኸው ነው፤ ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ሲንጋፖር የሚገኘው ይህ አሮጌ ሕንፃችን ሊፈርስ ስለሆነ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ቁልፍ የሚረከቡን ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። ልጃቸው ሲው ኢንግ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ወደ ቤቷ ትወስዳቸዋለች።

«ዛሬም ምግብ ይሠራል እንዴ ጋሼ? ምድጃው እኮ ሊነቀል ነው።»

«መጀመሪያ ጉዋት ቺን ትብላ። ከዚያ ትነቅለዋለህ።»

ሚስታቸው እትዬ ጉዋት ቺን ከሞቱ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ስማቸው የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ሳሎኑ ጥግ ላይ ቆሟል። እኛ ዘራችን ከቻይናዋ ሃይናን ደሴት የሆነ ሰዎች የሙት ሰሌዳ ከቤት ወደ ቤት ስናዛውር ሟቹን ሳናበላና ሳናስፈቅድ አንነካውም። ጋሼ ፉም ጠዋት በስልክ ለልጃቸው ቁርጡን ነግረዋታል፤ «እናትሽ እሺ ካላለች እኔም አልሄድም። ቤቱን ከነእኔ ያፍርሱት።»

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የመርከብ ወጥ ቤት ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮው የባል፣ ሩዙ የሚስት ነበር። አርባ ስምንት ዓመት አንዱ የሌላውን ድስት ከፍቶ አያውቅም። አሁን ሩዙም እሳቸው ላይ ወደቀ። የዶሮ ስብ አቀለጡ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመሩ፤ ሩዙን አገላብጠው የዶሮውን መረቅ አፈሰሱበትና መዓዛ የሚሰጠውን የፓንዳን ቅጠል ቋጥረው ጣሉበት። ከሥሩ ትንሽ አረረባቸው።

ዶሮው በረዶ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቆዳው ሲጠብቅ፣ ከነጭንቅላቱ ቀና አድርገው ትሪ ላይ ሰሌዳው ፊት አቆሙት። ከጎኑ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን። አንድ ሩብ ሰዓት ጠበቁና የሟች ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ሁለቱን የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች አነሱ። አንዱ በጠፍጣፋው፣ አንዱ በጉብታው ከወደቀ ሟች እሺ ብሏል ማለት ነው። ሁለቱም ጉብታቸውን ወደ ላይ ካደረጉ አይሆንም።

ጣሉ። ሁለቱም ጉብታ።

እንደገና ጣሉ። ጉብታ። ሰባት ጊዜ ጣሉ፤ ሰባቱንም ጉብታ።

እኔ ነገርን በመሣሪያ የምለካ ሰው ነኝ። ውሃ ልክ አምጥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ወለሉ ልክ ነው። እንጨቶቹን ተቀብዬ ራሴ ሞከርኳቸው፤ አምስት ጊዜ ጥዬ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ሆነው ወደቁልኝ። እሳቸው ሲጥሉ ግን ጉብታ፣ ጉብታ። ከደጅ ነፋስ እየገባ ነበር፤ ሰሌዳው ፊት የለኮሱት የዕጣን እንጨት ጢስ ግን ነፋሱን እየቀደደ ወደ ወጥ ቤቱ ይሄዳል።

«ተቆጥታለች» አሉ።

«በሕይወት ሳሉስ ሲቆጡ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሩዙን ታሳርረው ነበር። ዛሬ ደግሞ እኔው ቀደምኳት።»

ሩዙን አየሁት። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«ጋሼ፣ እትዬ ጉዋት ቺን ለበዓል ሩዝ በሳህን አቅርበው አያውቁም። በትኩሱ ያድቦለቡሉት ነበር። አራት፣ ሁልጊዜ አራት። አንድ ጊዜ አንዷን ላነሳ ስል 'የሰው ናት' ብለው እጄን በማማሰያ መቱኝ። እናንተ ከልጃችሁ ጋር ሦስት ነበራችሁ። አራተኛዋ የማን ናት?»

ጋሼ ፉ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የሁይ ፌን» አሉ። «የመጀመሪያ ልጃችን። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት፣ በትኩሳት። እዚሁ ቤት።»

«ሰሌዳዋስ?»

«ወላጅ ለልጁ አይሰግድማ። ሕፃን ሰሌዳ የለውም። እናቴ 'ስሟን አታንሱ፣ ትሂድ' አለች፤ እኔም አላነሳሁም። ጉዋት ቺን ምድጃው ሥር አንድ ድቡልቡል ስታስቀምጥ አያለሁ። እንዳላየ ሆኜ ወደ መርከቤ እሄዳለሁ።»

እናትየዋን ሰሌዳቸው ይዟቸው ይሄዳል። ልጅቷን የሚይዛት ነገር የለም። እምቢ ያሉት እሷን ትተው ላለመሄድ ነው ብለን ሁለታችንም አሰብን መሰለኝ።

ተነሡ። እጃቸውን መረቅ አስነክተው ከድስቱ የሚያቃጥለውን ሩዝ ያዙ። ሩዝ ካልፋጀ አይያያዝም። መዳፋቸው ቀላ፤ የመጀመሪያዋ ተፈረከሰች፣ ሁለተኛዋ ቆመች። ሦስቱን ሰሌዳው ፊት ደረደሩ። አራተኛዋን በትንሽ ሳህን አድርገው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ተንበርክከው ምድጃው ሥር አኖሯት።

«ሁይ ፌን» አሉ። የማያውቁትን ሰው ስም እንደሚጠሩ ሆነው ነበር የጠሯት። «አባትሽ ነኝ። ቤት ልንቀይር ነው። ከእናትሽ ጋር ነይ።»

ጣሉ። አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጉብታ። ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ነው የሚጣለው፤ ሦስቱንም እሺ።

ከደጅ ሲው ኢንግ ገባች። «አባዬ፣ መኪናዬን የማይቆምበት ነው ያቆምኩት። እናንተ ገና ዶሮ ላይ ናችሁ?»

«እናትሽ እሺ ብላለች። ቁጭ በይና ብዪ።»

ዶሮው ተቆረጠ። አጥንቱ ውስጥ እንደሚገባው ትንሽ ቀላ ያለ ነበር። እኔ ሩዙን ለማከፋፈል ምድጃው ሥር ያለችውን ድቡልቡል አነሳሁና በቅዝቃዜዋ ደንግጬ መልሼ ጣልኳት። ከኪሴ የማይጠፋውን ቴርሞሜትር ወጋሁባት። ሰሌዳው ፊት ያሉት ሦስቱ አምሳ ስምንት፣ አምሳ ሰባት፣ አምሳ ስምንት ዲግሪ ናቸው። ይህቺ ስድስት።

መሣሪያውን የዶሮው በረዶ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ ዜሮ አለኝ፤ አልተበላሸም። ቤቱ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣውን ጠዋት በእጄ ነቅዬዋለሁ። ከአንድ ድስት የወጣ ሩዝ ከክፍሉ በታች የሚቀዘቅዝበት መንገድ አላውቅም፤ የማውቀው ነገር ቢኖር ደግሞ ቅዝቃዜ ነው።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሼ ፉ።

«ትንሽ ቀዝቅዛለች።»

«ተዋት። ጉዋት ቺንም ያቺን አትበላትም ነበር። 'ቀዝቃዛ ሩዝ ሆዴን ያመኛል' ትላለች። ሰበብ ይመስለኝ ነበር።»

ሰሌዳውን በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው አቀፉ፤ እኔ ፀሐይ እንዳይነካው ጃንጥላ ዘረጋሁ። መንገዱን ለሟቾቹ እየነገሩ ወጣን። «ከደጁ ወጣን ጉዋት ቺን። አሁን ወደ ግራ። አሳንሰሩ ጋ ደረስን። ሁይ ፌን፣ የእናትሽን እጅ ያዢ።»

ሲው ኢንግ ወደ እኔ ዞረች። «ማናት ሁይ ፌን?»

«እህትሽ ናት» አሉ አባቷ። «መኪና ውስጥ እነግርሻለሁ።»

አሳንሰሩ ውስጥ ገባን። ሲው ኢንግ ይዛው የወጣችውን የሩዙን ድስት ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር አስቀምጣው ነበር። በሩ ሊዘጋ ሲል ዝቅ ብላ አነሳችውና ደረቷ ላይ ታቀፈችው፤ ራሷም ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ለሕፃን የሚበቃ ቦታ ልቀቂ ያላት ሰው አልነበረም።