የኔታ የጠጡት ውኃ

ባለፈው ሳምንት የሰበካችን ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ስለ ታማኝነት ይንገሩልን» አሉኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ሥራ ፈት ነው ብለው ይሆናል። እሺ አልኳቸው፤ እሺ ማለት መቼም ቀላል ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን አንድም ጥቅስ አልመጣልኝ አለ። የመጡብኝ የኔታ ናቸው፤ ያውም አልጋ ላይ ተኝተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ።

የኔታ ከፊደል እስከ ዲቁና ያስተማሩኝ፣ መንዝ ውስጥ፣ ቀየት ከሚባለው አገር ወዲያ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የኖሩ የዜማ መምህር ነበሩ። የመንዝ ብርድ ጉልበታቸውን ቢበላውም አንደበታቸው እሳት ነበር፤ አንድ ቃል የሳተ ተማሪ ከዱላቸው ቢያመልጥ ከተረባቸው አያመልጥም። ስንቱን ተማሪ ለመቅደስ ያበቁት እኚህ ሰው፣ ራሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ አልቆረቡም። ምክንያቱን ለንስሐ አባታቸው እንጂ ለማንም አልተናገሩም። እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ በጥቅምት ወር፣ ሕመም ጣላቸው። መሞታቸው እንደማይቀር ሲያውቁ ንስሐ ገቡ፤ ቀኖናቸውንም ጨረሱ። የቀራቸው ሥጋውን ደሙን መቀበል ብቻ ነበር።

ለቅዳሴ ደግሞ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። እኛ ከእኔ ጋር ሦስት ዲያቆናት ብንሆንም ቄሳችን አንድ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛውን ቄስ ከገደሉ ማዶ እንዳመጣ ረቡዕ በማለዳ እኔ ተላክሁ፤ የጾም ቀን ስለሆነ የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነበር። ስሰናበታቸው የኔታ፣ «ሌላ ሰው ቢሄድ እሠጋ ነበር፤ አንተ ከሄድህ ግን ቆረብሁ ማለት ነው» አሉኝ። ያን መንገድ በኩራት እየበረርሁ ሄድሁ።

ስንመለስ እንግዳው ቄስ በበቅሎ ከፊት፣ እኔ በእግሬ ከኋላ ሆነን በገብስ ማሳ መሀል አለፍን። እሸቱ ደርሷል። የአገሬ ሰው እሸት መሀል ሲያልፍ እጁን አያዝዘውም፤ መቅጠፍ፣ በመዳፍ ማሸት፣ እፍ ብሎ ገለባውን ማብረር፣ ወደ አፍ ጣል ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ወሬ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነው። ለመቀደስ ስል ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም፤ ሆዴ ባዶ ነው፣ ሐሳቤ የኔታ ዘንድ ነው። ደጀ ሰላሙ ጋ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ምላሴ ከጥርሴ መሀል የገብስ ገለባ አገኘ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ!

የኔታን በአልጋ ተሸክመው አምጥተው ከጽድ ዛፉ ሥር አሳርፈዋቸዋል። ትኩሳት እያነደዳቸው፣ እሳቸውም ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመሱም። መገበሪያው ተዘጋጅቷል። እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ለብሼ ብገባ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም እላለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ መሥዋዕቱ ወደሚዘጋጅበት ቤተልሔም ተራመድሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለስሁ። በመጨረሻ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ።

«የኔታ፣ መንገድ ላይ እሸት በላሁ።»

ዐይናቸውን ገለጡ። «ማን አየህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ነገርኸኝ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ዝም ብትል ምን ነበረበት? እኔ ነገን ከየት አመጣታለሁ?»

አለቀስሁ። እንግዳው ቄስ ሰምተው ቀረቡና፣ «ጭንቅ ነው እንግዲህ፤ ሳያውቅ ነው የበላው። ይግባና ይቀድስ፣ ንስሐውን ኋላ እሰጠዋለሁ» አሉ። ከአልጋው ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ በዐይኑ ለመነኝ። የኔታ ቄሱን አዩ፤ እኔን ደግሞ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ውኃ ስጡኝ» አሉ።

«ኧረ በማርያም!» አሉ እህታቸው። «ከጠጡ እኮ ዛሬ መቁረብ የለም።»

«አውቃለሁ። እሱ ያጠጣኝ።»

ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ አስጎነጨኋቸው። ግማሹ በጢማቸው ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹን ዋጡት። ቅዳሴው ለነገ ተባለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምራቄን እንኳ የምውጠው እየፈራሁ ነበር። የኔታ ግን ሐሙስን አላዩም። በማግሥቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ የቆምሁት ለፍትሐታቸው ነው።

ለዓመታት ተስፋ ቆርጠው የጠጡት ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ታሪኩን ስነግራት፣ «እሳቸው ባይጠጡ ሰዎቹ አስገብተውህ ነበር እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያን ሁሉ ሰው እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ሃያ ዓመት የናፈቁትን እኔ በድፍረት መቅደስ እንዳልገባ ሲሉ ትተውት ይሆን? ወይስ የደከመ ሽማግሌ ጥማት ብቻ ነበር? አላውቅም፤ የምጠይቀውም የለኝም።

እሑድ ሄጄ እናገራለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ዝም ብለው ቢቀድሱ አይሻልም ነበር?» ቢለኝ፣ አዎ እንዳልለው እፈራለሁ።