«አትቆፍሩ» ብለው የሚፈርሙት የለቡ ሰዎች

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሽሮ ሜዳ

ከቤቴ የወጣሁት አንድ ወረቀት ፍለጋ ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ሁለት የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረን ሁለቱም ደረቅ ሆነዋል። የሦስተኛው ቁፋሮ በማግስቱ፣ እሑድ፣ እንዲጀመር ቀጠሮ ተይዟል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ይሄኛውም ውሃ ካጣ የሰፊው ሕዝብ ጉልበት መባከኑ «በአሻጥርነት ይታያል» ብሎ በስብሰባ ፊት ነግሮኛል። በዚያ በደርግ ዘመን አንድን ሰው ለማሳሰር ከዚህች ቃል ሌላ ማስረጃ አይፈለግም ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ወረቀት ላይ ቦታዎቹን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። እውነቱ ግን ሁለተኛውን ቦታ በከዘራው ጫፍ ያሳየኝ ሊቀመንበሩ ራሱ ነው፤ እኔም «ጥሩ ቦታ ነው ጓድ» ብዬ ፈረምኩ። ሣር እንኳ የማያበቅል ድንጋይ መሆኑን እያየሁ ነው የፈረምኩት።

የሥራ ባልደረባዬ ስለ ለቡ ሰዎች የነገረኝ ያን ሰሞን ነው። የአገሩ ነዋሪዎች ተሰባስበው ስለ ውሃና ስለ መሬት ምክር ይሰጣሉ፣ ማኅበራቸውም ማኅተም አለው አለኝ። ከምክሩ ይልቅ ልቤን የሳበው ማኅተሙ ነው። «እዚህ ቆፍሩ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት በእጄ ከገባ ጥፋቱ የእነሱ፣ እኔ ነጻ።

እስከ ለገሃር በከተማ አውቶቡስ ቆሜ ሄድኩ። ከዚያ ውይይት ታክሲ ያዝኩ። ከኋላ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀመጥን፤ ጉልበታችን እየተጋጨ አንድም ሰው ትንፍሽ ሳይል ጎተራን አለፍን።

ነፋስ ስልክ፣ ሦስት ሰዓት

ነፋስ ስልክ ወርጄ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይና ትኩስ ፓስቲ ሠላሳ ሳንቲም። ባለቤቱን ስለ ለቡ ሰዎች ብጠይቀው ፊቱ ፈካ። ከጥቂት ዓመት በፊት መካኒሳ ወንዝ ዳር ጎጆ ሊቀልስ ሲል አማክሯቸው «እዚህ አትሥራ» ብለውት ኖሯል። ተቀይሟቸውም ነበር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የት እንዳለፈ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ስሎ አሳየኝ። ሊሠራበት ያሰበው ቦታ ላይ ነው።

ከነፋስ ስልክ ወደ መካኒሳ በእግር ነው። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ የጭቃ ቤት፣ ከቤቶቹ ጀርባ ማሳ። አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለሻይ ቤቱ የጠቆመኝን የወይዘሮ ዘይነባን ሱቅ አገኘሁ። ጨው፣ ላምባና ክር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። ወይዘሮ ዘይነባ ከማኅበሩ ሦስት አማካሪዎች አንዷ ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ሱቁን ቆልፈው ነጠላቸውን አጣፉ። መንገድ ላይ ስለ ጉድጓዶቹ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቁኝ ከትምህርት ቤቱ በታች ስለሚኖሩ ሴቶች ነው። ልብስ የሚያጠቡት የት ነው፣ የማን ቤት ወለል ነው በበጋ የሚረጥብ? ስምንት ዓመት ያስተማርኩበት ሰፈር ነው፤ አንዱንም መመለስ አቃተኝ። አፈርኩ።

ለቡ፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ለቡ የደረስነው ፀሐይ ስትበረታ ነው። ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ሽምብራው ግን እሸት ነበር። የማኅበሩ ቢሮ የኦቦ ዳዲ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ኦቦ ዳዲ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ሦስተኛው ጴጥሮስ ነው። በልጅነቱ ከወላይታ መጥቶ እዚህ ያደገ፣ ከመሬት ቀያሾች ጋር ገመድ ሲጎትት ሙያውን የቀሰመ ሰው ነው። እሸት ሽምብራ እየፈለፈልን አወራን። መንግሥት «አማካሪ» ብሎ የሚመዘግብበት መዝገብ ስለሌለው የተመዘገቡት «ጉድጓድ ቆፋሪዎች» ተብለው መሆኑን ጴጥሮስ እየሳቀ ነገረኝ። አካፋ ግን ግቢው ውስጥ አላየሁም።

ወረቀቱን እንዲጽፉልኝ ስጠይቅ ኦቦ ዳዲ ዝም ብለው ተነሡና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጥልቅ፣ ደረቅ ጉድጓድ ነበር። የውሃ አዋቂዎቹ የራሳቸው ግቢ ውስጥ! የሚጠጡት ውሃ ከጎረቤት የሚቀዳ ነው።

«ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሽማግሌ ስለሆንኩ መጀመሪያ ተናገርኩ። እነዚህ ሁለቱ ውሃ እንደሌለው ያውቁ ነበር። እኔን አክብረው ዝም አሉ።»

ወይዘሮ ዘይነባ አንገታቸውን ደፉ። «ይሉኝታ ያዘን» አሉ። «አሥራ ሁለት ሰው ነው አንድ ወር በከንቱ የለፋው።»

ከዚያ ወዲህ የሥራ ደንባቸው ይህ ነው። ማንኛውም መሬት ላይ ሦስቱ ለየብቻ ይዞራሉ፣ አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ውሃ አለ ባለበት ቦታ ድንጋይ ያኖራል፤ ወጣቱ በመጀመሪያ፣ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው። ድንጋዮቹ ካልተቀራረቡ «አትቆፍሩ» ብለው ይጽፉና ሦስቱም ይፈርማሉ። ደንበኛው ማንም ይሁን ማን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያን ደረቅ ጉድጓድ ያሳዩታል። ጉድጓዱን እያየሁ የሊቀመንበሩ ከዘራ ትዝ አለኝ።

መሬቱን ሳያዩ አይጽፉም። በማግስቱ አብረውኝ ሊመጡ ተስማሙ። ማታውን ኦቦ ዳዲ ቤት አደርኩ።

እሑድ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ መልስ

ማልደን በመጣሁበት መንገድ ተመለስን። ጴጥሮስ ገመዱንና ውሃ ልኩን በጆንያ ጠቅልሎ ይዟል። ኦቦ ዳዲ አውቶቡሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር በመስኮት ዛፉን ይቆጥራሉ፤ የቱ ጥድ ነው፣ የቱ ባሕር ዛፍ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ወላጆች ዶማና አካፋ ይዘው ተሰብስበዋል። ሊቀመንበሩም መጥቷል። ሦስተኛውንም ቦታ አስቀድሞ በእንጨት ችካል አስመትቷል። እንግዶቹን ሳስተዋውቀው «ባለሙያ ከሆኑ እዚሁ መሆኑን ያረጋግጡልን» አላቸው።

ኦቦ ዳዲ በአክብሮት እጅ ነሥተውት ችካሉን እንዳላዩ አለፉት። ጴጥሮስ ገመዱን ዘርግቶ ቁልቁለቱን ለካ። ወይዘሮ ዘይነባ ግቢውን ትተው ወደ ታች ሰፈር ወረዱ፤ ከሴቶች ጋር ሲያወሩ በአጥር አየኋቸው። ኦቦ ዳዲ አፈር በእጃቸው እያሹ፣ እያሸተቱ ዞሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሊቆፍር የመጣው ሰው አጉረመረመ።

ጴጥሮስ ድንጋዩን ከደቡብ አጥር ሥር አኖረ። ወይዘሮ ዘይነባ ድንጋያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ፤ በዚህ ግቢ የማኖርበት የለኝም አሉ። ኦቦ ዳዲም እንደዚያው። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ። አትቆፍሩ የሚል ነበር፤ ሦስቱም ፈርመው ማኅተሙን አሳረፉበት። ከእነሱ ፊርማ በታች ለእኔም ቦታ ትተውልኛል።

ልፈርም ጎንበስ ስል ሊቀመንበሩ ከበላዬ ቆሞ ነበር። «መምህር፣ በደንብ አስበህበታል?» አለኝ።

ፈረምኩ። ቀና ብዬም ወላጆቹ እየሰሙ፣ «ሁለተኛው ጉድጓድ ሲጀመር ቦታው ደረቅ መሆኑን አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ» አልኩ። ማን እንዳስመረጠኝ አልተናገርኩም፤ መናገርም አላስፈለገም፣ ከዘራው ሊቀመንበሩ እጅ ላይ ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ዘይነባ ያነጋገሯቸው እማማ አስካለ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች የሚኖሩ ልብስ አጣቢ፣ ከሰዉ መሃል ወጡ። «እኛም እናውቅ ነበር» አሉ። «እዚህ ግቢ ውሃ የለም። ውሃው ከታች፣ ከሸንበቆው ዘንድ ነው። እዚህ ተወልጄ እዚህ ነው ያረጀሁት።»

ሊቀመንበሩ ዞረባቸው። «ታዲያ ስንቆፍር ለምን አልተናገሩም?»

«መቼ ጠየቃችሁን?»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ዶማ የያዘው ሁሉ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ሕዝብ አሻጥረኛ ማለት እንደማይቻል የገባው መሰለኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። እስክሪብቶ ለምኖኝ ከእኔ ፊርማ ሥር ፈረመና ሰዉን ወደየቤቱ አሰናበተ። ሦስቱ የለቡ ሰዎችም እማማ አስካለን ከፊት አስቀድመው ወደ ሸንበቆው ወረዱ።

ቤቴ የደረስኩት ለምሳ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። እኔ ጥፋቴን የሚሸከምልኝ ሰው ፍለጋ ነበር የሄድኩት፤ ያገኘኋቸው ግን ጥፋታቸውን ለመጣው ሁሉ የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው። እንደነሱ ያሉትን አከብራለሁ፣ እቀናባቸዋለሁም። የአንድ አገር አዋቂ ማለት ለካ አገሩን የኖረበት ሰው ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ይህን ስለሚያውቁ ነው ከገመዱ በፊት ሴቶቹን የሚጠይቁት።

ባለቤቴ ሦስት ወር ሙሉ ምግብ ሲያንቀኝ ስታይ ከርማለች። በር ላይ ተቀብላ «ውሃ ተገኘ?» አለችኝ።

«ግቢው ውስጥ የለም» አልኳት። እጄን ታጠብኩ፤ የቀረበልኝን ጨርሼም እንጀራ እንድትጨምርልኝ ለመንኳት።