ራሱን በራሱ ያወረደው ማሽን

ልጄ ሲቀላ በሚባለው የከተማ ሰፈር ውስጥ ቶርኖ ቤት ከፍታ ብረት ትሠራለች። እኔ ዶርዜ ተወልጄ ጥጥ ስፈትል ያደግሁ ነኝ፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ማሽኑ የምጽፈው እንግዲህ ዓይኔ ያየውን ብቻ ነው።

ያን ማሽን ፍሬዛ ይሉታል። ከሰው ይረዝማል። ከላይ እንደ በሬ ራስ ወደ ፊት የወጣ ከባድ ብረት አለው። የሚዞረው መቁረጫ ከሱ ሥር ነው፤ የሚቆረጠው ዕቃ ደግሞ ከታች ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል። ያ ራስ አርጅቶ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የወፍጮ ቤቶች ዕቃ እየተበላሸባት ስትበሳጭ ከረመች። በመጨረሻ ከሌላ አሮጌ ማሽን የተፈታ ደህና ራስ አግኝታ ከአዲስ አበባ አስመጣች።

ፍርሃቴ ያኔ ጀመረ። አሮጌውን ራስ የያዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። ሲፈቱ ያ ሁሉ ብረት እጇ ላይ ቢወርድስ? የሚቀየርበት ቀን ጠዋት ከሷ ቀድሜ ደረስኩ። ዞር ዞር ብዬ ባይ ማንሻ ሰንሰለት እንኳ የለም።

«በምን ልታወርዱት ነው?» አልኳት ስትመጣ።

«በራሱ በማሽኑ፣ እማዬ።»

የቀለደችብኝ መሰለኝ። እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ወፋፍራም እንጨት ደራረበች። አብሯት የሚሠራው ጎልማሳ ከፊት ያለውን እጀታ ሲያዞር ጠረጴዛው በዝግታ ወደ ላይ ወጣ፤ እንጨቱም የማሽኑን ራስ ከሥር ደገፈው። ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረች። አንዱ ብቻ ሲቀር አላስቻለኝም።

«እጅሽን! ኧረ እጅሽን!»

ሰውዬው ደንግጦ እጀታውን ወደ ኋላ መለሰው። ጠረጴዛው ዝቅ ሲል የማሽኑ ራስ ጋደል አለ።

«ባለህበት!» አለችው። የቀረው ቡሎን እንዳይወድቅ ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ቤት ሲነሳ ስንት ሰው ነው የሚናገረው?»

«አንድ» አልኩ።

በኛ አገር ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላው ወንዶች ተሰብስበው በቀርከሃ የተሠራውን ቤት እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። አንድ ሰው ብቻ ያዛል፤ ባለቤቱም ቢሆን ዝም ይላል። ሁለት ሰው ከተናገረ አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ያሳርፋል፣ ቤቱ ይጋደላል።

«እዚህ የምናገረው እኔ ነኝ» አለች።

«እኔ ደግሞ ከሷ ይልቅ እርስዎን ፈራሁ፣ እማማ» አለ ሰውዬው እየሳቀ።

የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። «ከፍ… ትንሽ… በቃ» አለች። የመጨረሻው ቡሎን ወጣ። ምንም አልወደቀም! ሌላ እጀታ ስታዞር ጠረጴዛው የተፈታውን ራስ እንደታቀፈ ወደ ፊት ሄደ። ማሽኑ የገዛ ራሱን አውርዶ ራስ አልባ ቆመ። ያየሁትን ማመን አቃተኝ።

ጎረቤቶች አሮጌውን በገመድና በአጠና ተሸክመው አወረዱት፤ አዲሱንም እንዲሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ያዘዘችው እሷ ብቻ ናት። ጠረጴዛው እንደገና ወጣ፣ ወደ ኋላም ሄደ። ቡሎኖቹ ድሮ እንደሚተዋወቁ ሁሉ ቀዳዳቸው ውስጥ ገቡ።

ሲበራ መንቀጥቀጡ የለም። የቆረጠው ብረት ፊቱ ንፋስ ያልነካውን የጫሞ ሐይቅ መሰለ።

«እማዬ፣ አሁን መናገር ትችያለሽ።»

ግራሶ የነካውን እጇን ይዤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰስኩ።