ባዶ ብዬ የጻፍኩት ሜዳ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከወንድሜ ተኳርፌ መክረሜን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ «ሌላም የማላስታውሰው» ብዬ አልፈዋለሁ። አስታውሰዋለሁ እንጂ! እንዴት ይረሳል? እርስዎ ይህን የሚያነቡ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁኝም። የቀለለኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሚያውቀኝን ሰው ፊት እያየሁ መናገር አቃተኝ። አሁንስ ደከመኝ። ይስሙኝና እንደ ፈቀደዎ ይፍረዱ።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ አስፋልቱ ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበርኩ። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም። ከደሞዛችን ለግድቡ ቦንድ የሚቆረጥበት፣ ባጃጅ ከተማችን ገና የገባበት ዘመን ነው። የንግድ ቦታ ፈላጊው በዛ፤ መሬቱ ደግሞ ከከተማው ዳር ካሉ ገበሬዎች ነው የሚመጣው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። እኔ ወርጄ እለካለሁ፣ የለካሁትን በወረቀት አሰፍራለሁ። ኢንጂነሩ በላዩ ሽንሻኖውን ያወጣል፤ ይህ ሱቅ፣ ይህ መንገድ፣ ይህ የመኪና ማቆሚያ እያለ። ከዚያ ገምጋሚ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል፣ ባለይዞታውን ይጠይቃል። ቅሬታ ካለ ፕላኑ ይመለሳል፤ ከሌለ ይጸድቃል፣ ችካል ይተከላል፣ ጨረታ ይወጣል። ሲሰሙት ያምራል አይደል? ማንም የሚበደልበት አይመስልም።

ከአስፋልቱ ጀርባ ያለው መንደር ለሽንሻኖ ሲታጭ እንድለካው የተላክሁት እኔ ነኝ። የተወለድኩበት መንደር ነው። ከእርሻዎቹ መሐል አንድ ሜዳ አለ። ሣር ብቻ ነው፣ ዛፍ የለው፣ አጥር የለው። በኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሬሳው ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት እዚያ ያርፋል። ሕዝቡ ክብ ይሠራል። ፈረስ በሙሉ ዕቃው ይጫንና ኮርቻው ባዶውን ሬሳውን ይዞረዋል፤ አልቃሿ ግጥም ታወጣለች፣ ሰው ደረቱን ይደቃል። ፈረስ ሳይዞርለት የተቀበረ ሰው እንዳልተለቀሰ ይቆጠራል። እናቴ ብርቄ የተለቀሰችው እዚያ ነው። የአጎቴን ፈረስ ልጓም ይዤ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ እኔ ያንን ሜዳ ምን ብዬ ጻፍኩት? «ባዶ» ብዬ።

የምንሞላው ቅጽ ቤት፣ እርሻ፣ ግጦሽ፣ መቃብር፣ ባዶ ነው የሚለው። ለቅሶ ሜዳ የሚል የለውም። ግጦሽ እንዳልለው ሰው ከብቱን አይሰድበትም፤ መቃብር እንዳልለው የተቀበረበት የለም። ከጎኑ አንድ መስመር መጻፍ ግን እችል ነበር። ለምን አልጻፍኩም? ፀሐዩ ከርሮ ነበር፣ እርቦኝ ነበር፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። የዚያን ቀኑ ስንፍና ነው። ስንፍና ብቻ ሆኖ ቢቀርማ ምን ነበረበት!

ባዶ ስላልኩት ኢንጂነሩ ትልልቆቹን ሱቆች እዚያው ላይ ደረደራቸው። ባዶ መሬት ላይ የሚነቀል ሰብል የለ፣ የሚፈርስ ቤት የለ፤ ማን ይጠላል? ፕላኑ ግን አልሳካ አለ። አንዴ መንገዱ ጠቧል ተብሎ ተመለሰ፤ እንደገና ደግሞ የጎርፍ መውረጃው አልታየም ተብሎ ተመለሰ። ኃላፊያችን ሰው ባየ ቁጥር ይቆጣ ጀመር። «ከእንግዲህ አንዲት ቅሬታ ብትመጣ የማንንም ዓይን አላይም» አለን። እኔም መሳል መሰረዙ ታክቶኝ፣ ያንን ወረቀት ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ኮሚቴው ቦታውን ሊያይ የወጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሾፌሩ «ጭቃው ሳይዘን እንመለስ» ይላል። ፕላኑን የመኪናው ቦኔት ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ሜዳው ያለው በእትዬ አትጠገብ ይዞታ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እትዬ አትጠገብ የእናቴ ጎረቤት፣ ማኅበርተኛዋ ነበሩ፤ ባላቸውም ልጃቸውም ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ። አማርኛቸው ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። ኮሚቴዎቹ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፣ አገውኛ አይሰሙም። አስተርጓሚ ይሆናል የተባለው የቀበሌ ሰው ጥሊሊ ገበያ ሄዷል ተባለ።

ሰብሳቢው ዞር ብሎ «ቋንቋውን የሚችል አለ?» አለ።

አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ እዚያው ሣር ላይ ነው ያደግሁት፤ ዝም ብዬ ጫማዬን አየሁ። ከተማ ገብቼ ስማር በአማርኛዬ የሳቁብኝ ሳቅ ከሆዴ አልወጣም ነበር። ቢሮ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በእናቴ ቋንቋ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። ያጋለጡኝ እሳቸው ናቸው። በጣታቸው እየጠቆሙኝ «የብርቄ ልጅ! የብርቄ ልጅ!» ሲሉ፣ የእናቴን ስም ሲጠሩ፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ኢንጂነሩ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አገውኛ መቻልህን ደብቀኸን ነው!» ብሎ ሳቀ። አፈርኩ። በእናቴ ስም አፈርኩ።

እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ። ረጅም ተናገሩ። ሜዳውን እያሳዩ፣ ደረታቸውን እየነኩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመለከቱ። ሲጨርሱ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። እኔም፦

«እርሻዬን ውሰዱ፣ ለልማት ይሁን፣ ይላሉ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። አልዋሸሁም እኮ! እርሻዬን ውሰዱ ብለዋል፤ በገዛ አፋቸው ብለዋል። ቀጥለው ግን ሜዳውን ተዉልን አሉ። የለቅሶ ሜዳችን ነው አሉ። እሱን ዋጥኩት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ብናገር ፕላኑ ይመለሳል፤ ፕላኑ ሲመለስ ደግሞ «ባዶ ብሎ የጻፈው ማነው?» ይባላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመንደሩ ልጅ ሆኜ፣ ሜዳውን ዐውቄ፣ እናቴን አልቅሼበት ባዶ ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን ከሚያውቁብኝ ሜዳው ይሂድ አልኩ።

እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም። ፊቴን አዩና በአገውኛ «ይህን ሁሉ ተናግሬ በዚህች ጨረስካት?» አሉኝ። እኔ ከይሲ ምን ብል ጥሩ ነው? «አማርኛ ቶሎ ያልቃል፣ እትዬ» አልኳቸው። ሳቁ። «ለዚህ ነዋ የከተማ ሰው የሚጣደፈው» ብለው ሳቁ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አመኑኝና እጃቸውን ለቀቁልኝ።

ፕላኑ በዚያው ሰሞን ጸደቀ። ኃላፊያችን እየዞረ አመሰገነኝ፣ «አንተ ባትኖር ኖሮ» አለኝ። ጉቦ በልቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጉቦ የበላ ሰው ቢያንስ ለምን እንዳደረገው ያውቃል። እኔ ምን አገኘሁ? አንድ ወረቀት እንደገና ከመሳል ዳንኩ።

ችካሉ ሲተከል መንደሩ ተናወጠ። ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤት መጡ። እኔ በር ላይ ጠበቅኋቸው፤ ውስጥ ቢገቡ እትዬ አትጠገብ ተስማምተዋል የሚባል ነገር ይሰማሉ። «ለኮሚቴዎቹ ተናግሬ ነበር፤ አልሰሙም። አንዴ ጸድቋል፣ ባትደክሙ ይሻላል» አልኳቸው። በገዛ ቋንቋቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ እጅ ነስቼ ነው የሸኘኋቸው። እነሱም አመስግነውኝ ሄዱ። ካለፈው ሁሉ ይኼ ይብስብኛል መሰለኝ። የመጀመሪያውን ደንግጬ ነው ልል እችላለሁ፤ ይህን ምን እለዋለሁ? አስቤበት ነው ያደረግሁት።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አትጠገብ ከተማ በመጡ ቁጥር ቢሮዬ ብቅ ሳይሉ አይሄዱም። በዘንቢል ድንች ይዘውልኝ ይመጣሉ። «አንተስ ያቅምህን ተናገርክ፤ እምቢ ያሉት እነሱ ናቸው። ብርቄ አላፈረችብህም» ይሉኛል። ተዉ እንጂ እትዬ፣ አይልፉ እላለሁ። ድንቹን እቀበላለሁ። ሚስቴ ቀቅላ ታቀርበዋለች፣ እበላዋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ ዐውቄ የረገጥኩት ነው። ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ! እሳቸው ግን ይመርቁኛል፤ ምርቃቱ ሲያልቅ ልናገር ስል ተነስተው ይሄዳሉ።

ሱቆቹ ተሠርተው፣ መንገዱ ኮብልስቶን ለብሶ ካበቃ በኋላ ታመሙ። ብዙ አልቆዩም። ጥቂት ቀን ተኝተው ሞቱ።

ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ሬሳውን ተሸክመው ሲወጡ ሌላ ቦታ ያሳርፉታል ብዬ ነበር። ሰው ልማዱን መች ይተዋል! ድሮ ሜዳው በነበረበት፣ በሁለት ረድፍ ሱቅ መካከል፣ ድንጋዩ ላይ አሳረፉት። የወንድማቸው ልጅ ፈረሱን በሙሉ ዕቃው ጭኖ አመጣ። ሕዝቡ ክብ ሊሠራ ሞከረ፤ ግራው ሱቅ ነው፣ ቀኙ ሱቅ ነው፣ ከፊት ሲሚንቶ የሚያራግፍ መኪና ቆሟል። ፈረሱ መዞር አቃተው። ኮቴው ድንጋዩ ላይ ያንሸራትተዋል፣ ባጃጅ ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋበት ይደነብራል። ወደፊት ይወስዱታል፣ ወደኋላ ይመልሱታል። ወደፊት፣ ወደኋላ። እኒያ ሽማግሌዎች ቆመው ያያሉ። ባዶው ኮርቻ ሳይዞርላቸው እትዬ አትጠገብ ተነሱ፣ ሄዱ፣ ተቀበሩ።

ፈረሱ እንዲያ ሲንገላታ አልቃሿ ግጥሟን እያወጣች ነበር። የቆምኩበት በር ላይ ያለው ባለሱቅ ከሩቅ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሬሳ ሲያይ ሙዚቃውን አጥፍቶ ቆብ አውልቆ ወጣ። «ጋሼ፣ ምን እያለች ነው?» አለኝ። ሴትዮዋ በአገውኛ እንዲህ ትል ነበር፦ ሜዳዋን ሲወስዱባት ሁሉ ዝም ሲል፣ የብርቄ ልጅ ብቻ ተናገረላት።

«ለቅሶ ነው፣ ስለ ፈረሱ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜም ዋጥኩት! ሬሳቸው ፊቴ ተጋድሞ፣ የሚቆጣኝ ኃላፊ ሳይኖር፣ የሚመለስ ፕላን ሳይኖር። ከዚያ በኋላ ነው ሰበብ መፈለግ የተውኩት። ስንፍና ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ወጣትነት ነው እያልኩ ስሸነግል የኖርኩት ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ አለቀ። ይህ የኔ ጠባይ ነው። ሰው አምኖ የሰጠኝን ቃል ግማሹን የምበላ ሰው ነኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እያመሰገኑኝ ሞቱ። የመንደሩ ሰው ዛሬም ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳልኛል። አንድ ቀን ስሞት ፈረስ ሊያዞሩልኝ ይፈልጉ ይሆናል፤ የት እንደሚያዞሩት አላውቅም። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የዚያን ቀን መኪናው አጠገብ ተርጉም የተባልኩትን ሳላጎድል ልተርጉም፤ ከነገርኩዎት ውስጥም ያስቀረሁት አለና። እትዬ አትጠገብ ያሉት እንዲህ ነው፦

«እርሻዬን ውሰዱ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ የሚያርስልኝም የለም። ይህን ሜዳ ግን ተዉልን። ባዶ መስሏችሁ ነው፤ ባዶ አይደለም። ባሌን ያለቀስኩት እዚህ ነው፣ ልጄን ያለቀስኩት እዚህ ነው፣ እኔንም እዚህ ያለቅሱኛል። እኔን ካላመናችሁኝ ይህን ልጅ ጠይቁት። እናቱን ሲያለቅስ ፈረሱን ያዞረው እዚህ ነው። እሱ አይዋሽም።»