የህንዶቹ ጊታርና የእታለም ከበሮ

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ አጠገባችን ያለው ሆቴል ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሞላው። የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ መስኮቱን ልትዘጋ ብድግ ስትል ተይው አልኳት፤ ገርሟት አየችኝ። ለሷ ያ ጭስ ነው፣ ራስ ምታት ነው። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ያ ሽታ ሲመጣ ልቤ እንደ ኮረዳ ልብ ይደልቃል፤ እግሬም ሳላዘው ምት መምታት ይጀምራል። ያን ቀን ለልጅቷ ላጫውታት ጀምሬ የልብስ ማጠቢያውን ጫጫታና የስልኳን ጥሪ ማሸነፍ አቃተኝና ተውኩት። እዚህ ላይ ልጨርሰው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ ላሊበላ ቱሪስት ከራቃት ከርማለች፤ ለፈረንጅ ተብሎ የተሠራው ሆቴል አልጋዎቹን አንጥፎ ማንም ሳይተኛባቸው ያነሣቸዋል ይባል ነበር። ማታ ማታ ሰዓት እላፊ አለ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ሙዚቃ ማለት ለኛ ወይ ማሕሌት ነው፣ ወይ የሠርግ ዘፈን ነው፣ ወይ ደግሞ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ያ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የሚያንባርቀው የሰልፍ መዝሙር ነው። ከዚህ ሌላ ሙዚቃ በዓለም ላይ መኖሩን ያስተማረን የሒሳብ አስተማሪያችን ሚስተር ቶማስ ነው። ያኔ እንኳ «እሳቸው» ነበር የምንለው፤ ዛሬ ሳስበው ግን ሠላሳ ያልሞላው ልጅ እግር ስለነበር፣ በእናትነት «እሱ» ብል አይቀየመኝም።

ሚስተር ቶማስ ከደቡብ ህንድ፣ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሚሰፋ ሱሪ የሚለብስ ሰው ነበር። ብርዳችን አልስማማ ብሎት ከጋቢ አይለይም፤ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከኋላ ያየው ሰው የአንዱ ደብር ደብተራ ነው ይል ነበር። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ኮሌጅ ሳሉ የራሳቸው የሮክ ባንድ ነበራቸው። የሲኒማ ዘፈን አንዘፍንም፣ የእንግሊዞቹንም አንቀዳም፣ የምንዘፍነው ራሳችን የጻፍነውን ነው ብለው በዚህ አቋማቸው የተነሣ አንድም የሠርግ አዳራሽ ሳይቀጥራቸው የቀረ፣ ግን ደግሞ የልባቸውን የሠሩ ልጆች ነበሩ። ሥራ ሲጠፋ ሦስቱም በአንድ ላይ ተዋውለው አገራችን መጡና አንዱ ቆቦ፣ አንዱ ወልድያ፣ እሱ ላሊበላ ተመደቡ። ጊታሮቻቸውንና ከበሮዎቻቸውን ይዘው ነበር የመጡት፤ በየትምህርት ቤቱ መዘጊያም እየተገናኙ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዓመት የሚስተር ቶማስ ውል ያልቅ ነበርና ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን ለተማሪዎቼ መጫወት አለብኝ ብሎ ተነሣ።

ፈቃድ የሚሰጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበላይ የሚመጣበትን ይፈራል። ዘፈኖቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸውን ሲሰማ ደነገጠና በአማርኛ ይተርጎሙልኝ አለ። ለመተርጎም የሄዱት የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነበሩ። አንደኛው ዘፈን ስለ ባሕር ነው፤ ማዕበሉ ሌሊት ከእናቴ ደጅ ድረስ ይሰማል፣ እኔ ግን ድምፁ በማይደርስበት ተራራ ላይ ነኝ ይላል። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ስለ ሰፊው ሕዝብ ማዕበል ነው፤ ሌሊትም አይተኛም ይላል» አሉ። ሊቀመንበሩ በጣም ደስ ብሎት፣ እንዲህ ያለውን ዘፈን የኛዎቹስ ለምን አይጽፉም ብሎ ፈቀደ፤ የመክፈቻውን ንግግር ራሱ እንደሚያደርግም አስታወቀ። ዳይሬክተሩ ይህን ለእኛ የነገሩን ደርግ ወድቆ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔም ዙሪያቸውን አይተው ነበር የሳቁት።

ቀኑ በጥር ወር የገበያ ቅዳሜ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ግን ሁለቱን ጓደኞች የያዘችው መኪና ከጋሸና ትንሽ እንዳለፈች ተሰበረች። ወልድያ የሚያስተምረው፣ ራጃን የሚባለው ወፍራም ድምፅ የምታወጣዋን ቤዝ ጊታር ይዞ፣ የድምፅ ማጉያውን ሣጥን በበቅሎ አስጭኖ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ደረሰ። የቆቦው ከነከበሮዎቹ መኪናዋ ዘንድ ቀረ። ከበሮዎቹንም በቅሎ ላይ ጭነዋቸው ነበር አሉ፤ ከከበሮዎቹ ጋር የሚመታው የነሐስ ሳህን ሲንቀጫቀጭ በቅሎዋ ደንብራ ገደል ልትገባ ስትል ባለቤቱ፣ ይህን ሰይጣን ዳግመኛ አልጭንም ብሎ አወረዳቸው። ሚስተር ቶማስ ይህን ሲሰማ ዴስክ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩን ያዘ። ያለ ከበሮ አይሆንም አለ። ዘፈኑ አጥንት የለውም፣ ይቅር።

ያን ጊዜ ነው አክስቴ ትዝ ያለችኝ።

የአባቴ ታናሽ እህት ዝናሽ፣ እኛ ልጆቹ እታለም የምንላት፣ በላስታ ሠርግ ከሷ ከበሮ ጋር የሚተካከል አልነበረም። እሷ የመታችበት ሠርግ ሙሽራው ይረሳ ይሆናል እንጂ ከበሮው አይረሳም ይሉ ነበር። ባሏ ካረፉ ወዲህ ግን ከበሮዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍና፣ ጥቁሯን ለብሳ ከኛ ጋር ትኖር ነበር። ዓመቱ ወጥቷል፤ በዚያ ጥር ብዙ ሰው ሊጠራት መጥቶ «እጄ ሞቷል» ብላ መልሳለች። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሚስተር ቶማስን እጁን ይዤ ቤታችን ወሰድኩት። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በራፉ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ህንዱ እንደኛ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ወንበር ለቀቁለት።

እኔ ነገሩን ሳስረዳ እታለም ቀና ብላ እንኳ አላየችንም፤ ሽንኩርቷን ትልጣለች። ሚስተር ቶማስም አልለመናትም። ጊታሩን ከጀርባው አወረደና ያን የባሕሩን ዘፈን ይጫወት ጀመር። ያለ መብራት የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ ቀጭን ነው፤ ጋቢ ውስጥ የታቀፉት ክራር ይመስላል። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘፈነ። እታለም ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያንጎራጉረው?» አለችኝ።

ያገሩ ባሕር ናፍቆት እንደሆነ፣ ማዕበሉ እናቱ ደጅ ድረስ ይሰማል እንደሚል ነገርኳት።

«እናት አለችው?»

ጠየቅሁት። አለችኝ፣ አሮጊት ናት፣ ከመጣሁ ጀምሮ አላየኋትም አለ። እታለም ይህን ስተረጉምላት ወደ አባቴ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለቻቸው። አባቴ ዳዊታቸውን አጠፉ። እንደሚከለክሉ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ሐዘንሽን እኔም አይቻለሁ፣ እግዜርም አይቶታል» አሏት። «ከበሮው ግን የተሠራው ግድግዳ ላይ ሊሰቀል አይደለም። ሂጂ፣ ለእንግዳው ምቺለት።»

በማግስቱ ዴስኮች ገጥመን በትምህርት ቤቱ ግቢ መድረክ ሠራን። የሆቴሉን ጄኔሬተር ወጣቶች በሳንቃ ተሸክመው አምጥተው ከአጥሩ ሥር አስቀመጡት፤ ሲነሣ ጥቁር ጭሱ ፊት ለፊት የነበርነውን ተማሪዎች ሁሉ አለበሰን፤ ማንም ግን ቦታውን አልለቀቀም። ገበያተኛው እህሉንም ፍየሉንም እንደያዘ ግቢውን ሞላው፤ ቦታ ያጣው ወይራው ላይ ወጣ። ሊቀመንበሩ ስለ ማዕበሉ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፣ መፈክር አሰማ፣ እኛም እጃችንን አንሥተን ተቀበልን። ከዚያ ሚስተር ቶማስ ጋቢዎቹን ሁለቱንም አወለቀ። ያለ ጋቢ ስናየው ያ የመጀመሪያችን ነበር። ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈ።

የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሣጥኑ እንደ ንሥር ጮኸ፤ ዶሮ ተበተነ፣ እናቶች አማተቡ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ማር ሊሸጡ የመጡ አንድ አዛውንት አህያቸው ገመዷን በጥሳ ስትፈረጥጥ ዞር ብለው አዩና «አህያ ቤቱን ያውቃል» ብለው ወደ መድረኩ ተመለሱ። ራጃን ቤዙን ሲመታ ደግሞ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የገባው።

እታለም ጥቁሯን ቀሚስ እንደለበሰች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አኑራ ነበር። መምታት ስትጀምር ግን ነገሩ ተበላሸ። እሷ የሠርጓን ምት ትመታለች፣ እነሱ በሌላ ቁጥር ይሄዳሉ፤ ከበሮው ወደ ላስታ፣ ጊታሩ ወደ ህንድ። ሕዝቡ መሣቅ ጀመረ። እታለም እጇን ሰበሰበች፤ ፊቷ ሲጠቁር አየሁት፤ አሁን ተነሥታ ትሄዳለች፣ ሁለተኛም ከበሮ አትነካም፣ ያመጣኋት እኔ ነኝ ብዬ እንባዬ መጣ።

ሚስተር ቶማስ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ መጥቶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ። አማርኛው ለዚህ የሚበቃ አልነበረም። በጣቱ የጊታሩን እንጨት መታ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስተምረን። እሷ አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በመዳፏ መለሰችለት፤ ግን እንዳለ አልመለሰችውም፣ በመካከሉ አንዲት የራሷን ምት ጣል አድርጋበት ነበር። እሱ ሣቀና ያችን ምት ደግማ እንድትመታት በእጁ ለመናት። ሲሥቅ የነበረው ሕዝብ ይህን ለማየት ወደ መድረኩ ተጠጋ። ከዚያ እሱ ሳይነሣ፣ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ጀመሩት።

ባሕር ያየ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁለቱ ህንዶች በቀር የነበረ አይመስለኝም። ግን ዘፈኑ ሲሄድ ቆይቶ ሲነሣ፣ ተነሥቶ ሲወድቅ፣ ከበሮው ከሥር ሲጎትተውና መልሶ ሲለቀው ሁላችንም እየተወዛወዝን ነበር። ቃሉን በቅጡ ሳናውቅ አዝማቹን አብረን ዘፈንን፤ እንግሊዝኛው ተጣሟል፣ ጎብጧል፣ ማንም ግድ አልነበረውም። ማሩን የሚሸጡት አዛውንት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ወጣቶቹ ከፊታቸው ገጠሙ። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ ምቱን በእግሩ ብቻ ሲከተል ቆይቶ በመጨረሻ ትከሻው ከዳው። ራጃን ቤዙን እንደያዘ እስክስታ ሊሞክር ሲል መነጽሩ ወደቀ፤ ልጆች እግር ሥር ሲፈልጉለት እሱ ሳያይ መጫወቱን ቀጠለ። እታለም ላቧ በጉንጯ እየወረደ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መጨረሻ ላይ ከሆዷ እልል አለች። ከባሏ ቀብር ወዲህ ከዚያ አፍ የወጣ የመጀመሪያው እልልታ ነበር፤ የግቢው ሴቶች ሁሉ ያን አውቀው ኖሮ ተቀብለው አጥለቀለቁት።

ዞር ስል አባቴን ከአጥሩ ውጭ አየኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። ማታ ቤት ስንገናኝ ወደ ደብር ሲሄዱ በዚያ ማለፋቸው እንደሆነ ነገሩን፤ ደብራቸው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር።  በሳምንቱ እታለም ለአንድ ሠርግ ሊጠራት የመጣውን ሽማግሌ እጄ ሞቷል አላለችውም፤ ጥቁሩን አውልቃ ሄደች።

ሚስተር ቶማስ ሰኔ ላይ ሄደ። ሁለቱንም ጋቢዎች ይዞ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም፤ በሕይወት ካለ ሰማንያውን እየተጠጋ ነው። ሊቀመንበሩም፣ ዳይሬክተሩም፣ አባቴም አልፈዋል። እታለም ብዙ ሙሽሮች ከዳረች በኋላ አርጅታ ሞተች። ከክፍላችን ልጆች እኩሌታው በደርግ ጊዜ ወደ ጦርነት ወጥተው ያልተመለሱ ናቸው፤ ከፊቴ ጭሱ ውስጥ ያስሉ የነበሩትን ወንዶች አንድ በአንድ ስቆጥር ጣቴን አጥፌ እተዋለሁ። ግቢው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ ወይራውም የለም።

ያን ዘፈን ማንም አልቀዳውም። ቴፕ ያለው ሰው ቢኖርም የዚያን ቀን ትዝ ያለው አልነበረም፤ ሁላችንም እየጨፈርን ነበር። ደሴ የምትኖር አንዲት የክፍሌ ልጅ አለችኝ፤ አንዳንዴ ስትደውልልኝ አዝማቹን በስልክ እናዜመዋለን። የመጀመሪያውን ስንኝ እንስማማበታለን። ሁለተኛው ላይ እሷ ዝቅ ይላል ትላለች፣ እኔ ከፍ ይላል እላለሁ። እዚያ ላይ እንከራከርና እንሥቃለን፤ የሚዳኘን ሰው ግን የለም።