የእማማ ዘነቡ ድርሻ

በምኖርበት ሩቅ አገር ከቤቴ ጀርባ አንድ ትንሽ ሐይቅ አለ። ሰሞኑን ሠራተኞች ዳር ዳሩን የበቀለውን ቄጠማ አጭደው ከምረው ለዝናብ ትተውት ሄዱ። ሳልፍ ያ እርጥብ ሽታ መታኝና ቆምሁ። የጣና ዳር ደንገል ሽታ ነበር፤ የእትዬ ንግሥት ግቢ ሽታ።

ባለቤታቸው የደንገል ታንኳ እየሠሩ ለደቅ ደሴት ሰዎች ይሸጡ ስለነበር ግቢያቸው ደንገል አይጠፋበትም። እሳቸው ደግሞ የባሕር ዳር ሰፈራችን እናቶች በየወሩ በሚካኤል ዕለት ለሚጠጡት ጽዋ ሙሴ፣ ማለትም መሪ ነበሩ። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ለቀረች ሴትም ድርሻዋ ቤቷ ድረስ ይላክላታል።

በደርግ ጊዜ የእማማ ዘነቡ ተማሪ ልጅ ተወስዶ በዚያው ቀረ። የወሰደው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ የእትዬ አልማዝ ልጅ ነበር። ሁለቱ እናቶች አጥራቸውም ጽዋቸውም አንድ ነበር።

«ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ» አሉ እማማ ዘነቡ።

እትዬ ንግሥት ማንንም አላስወጡም። «ልጇ ልጅሽን ወሰደው፤ እውነት ነው። ያንኑ ልጅ ስታምጪ ወገብሽን ደግፋ ያደረችውም እሷ ናት፤ ይኸም እውነት ነው። የትኛውን ልጣለው?»

እማማ ዘነቡ ከማኅበሩ ቀሩ። እትዬ ንግሥት ግን በየወሩ ድርሻቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በራቸው ላይ ይቆማሉ።

«ከሷ ጋር የተቆረሰ አልቀምስም፣ ንግሥት።»

«የቆረስሁት እኔ ነኝ። ቢላዬ ደንዞ ነው እንዲህ ያስጠላው።»

እማማ ዘነቡ አይስቁም። በሩ ይዘጋል። የተባረከ ዳቦ አይጣልምና፣ እትዬ ንግሥት ሲደርቅ በውኃ አርሰው ራሳቸው ይበሉታል።

አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ካድሬው እትዬ ንግሥትን አስነሥቶ «እናት፣ ምረጪ! ከአብዮቱ ነሽ ወይስ ከጠላት?» አላቸው።

«እኔማ ጌታዬ፣ ከሰፈሩ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። ካድሬው ዞር ብሎ ሲያይ ሳቁ ተቆረጠ። እትዬ ንግሥት ለዚያች ቃል ታስረው ሲወጡ ያነክሱ ነበር፤ እያነከሱም ዳቦውን መውሰዳቸውን ቀጠሉ።

በኋላ የእትዬ አልማዝም ልጅ፣ ያው አብዮት ጥበቃው፣ ወደ ሰሜን ዘምቶ መርዶው መጣ። ሰፈሩ በእትዬ አልማዝ ግቢ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። እትዬ ንግሥት ቦታ ሊያስለቅቁላቸው ተነሡ። እማማ ዘነቡ ግን ከግቢው በር አላለፉም። ጥቂት ቆመው፣ የሚያለቅሱትን እትዬ አልማዝን ከሩቅ አይተው፣ ተመለሱ። ከዚያ የበለጠ ነገር አልሆነም። ማኅበሩ ፈረሰ፤ ሁለቱ እናቶችም ሳይነጋገሩ ሞቱ። እትዬ ንግሥትም አፈር ከለበሱ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እዚህ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችንም በአገር ቤቱ ነገር ለሁለት ተከፍላለች። «ከእነማን ነሽ?» ይሉኛል። እኔ በየሚካኤሉ እዚህ ከምንጠጣው ጽዋ ዳቦ ድርሻ አስተርፌ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድሮ አብራን ትጠጣ ወደነበረች፣ አሁን ግን ከሌላው ወገን ወደሆነች ሴት ቤት እሄዳለሁ። መብራቱ ይታየኛል፤ የሚከፍት ግን የለም። ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽም።

ቤቴ ተመልሼ ዳቦውን በውኃ አርሼ እበላዋለሁ።